ስለ ፀሐይ አክሊል ሙቀት የወጣው ጽሑፍ እንዲታረም

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በደሴ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርሁ ሃያ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ጋዜጣችሁን ፒያሳ ካለ አዟሪ እየገዛሁ አነባለሁ፤ ካነበብሁት በኋላ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ስለምተወው አንዱ ቅጂ ከአምስት ስድስት ሰው እጅ ይገባል። ባለፈው ወር በሳይንስ ዓምዳችሁ ስለ ፀሐይ ውጫዊ ከባቢ የወጣውን ጽሑፍ ግን ያገኘሁት በዚህ መንገድ አልነበረም። አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬ ገጹን ቆርጣ፣ ሁለት ዐረፍተ ነገሮችን በቀይ እስክሪብቶ አስምራ፣ «ቲቸር፣ ይኼ እንዴት ይሆናል?» ብላ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችልኝ።

የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የፀሐይ ውጫዊ ከባቢ ከአንድ ሚሊዮን ዲግሪ በላይ የሚግለው ከፀሐይ ገጽ የሚነሣው የእሳት ነበልባል ወደ ላይ እየወጣ ስለሚጠራቀም ነው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ አሜሪካኖች የላኩት መንኮራኩር ወደ ፀሐይ ከባቢ ከገባ ወዲህ ጥያቄው ተመልሶ ተዘግቷል ይላል። ተማሪዬ ሁለቱንም አልተቀበለቻቸውም፤ እኔም አልተቀበልኋቸውም። እንዲህ ያለ ርእስ በአማርኛ መጻፉን በደስታ የማይ ሰው ነኝ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ዓምዱ እንዲቀጥል ስለምፈልግ እንጂ ጸሐፊውን ለመንቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ከተፈጥሮ ሕግ ጋር ይጋጫል፤ ሁለተኛው ደግሞ ገና እየተሠራበት ያለ ጥናት አልቆለታል ይላል።

ነገሩን ለተማሪዎቼ የማስረዳቸው ሁልጊዜ በሐረጎ ዳገት ነው። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በሐረጎ ወደ ደሴ የሚወጣ መንገደኛ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ከፍታ ስለሚጨምር፣ ታች ያወለቀውን ሹራብ ላይ ሲደርስ መልሶ ይለብሰዋል። ከምድር ገጽ እየራቅን ስንሄድ መቀዝቀዙ ለእኛ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። የፀሐይም ነገር እስከ አንድ ቦታ ድረስ እንዲሁ ነው። መካከሏ 15 ሚሊዮን ዲግሪ ያህል ይሞቃል፤ ከዚያ ወደ ውጭ በተሄደ ቁጥር ሙቀቱ እየቀነሰ ይመጣና በዓይናችን ብርሃኑን የምናየው ገጿ ላይ ሲደርስ 5,500 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይሆናል። ከገጹ በላይ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ሲወጣ ጭራሽ ወደ 4,000 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በመጀመሪያ ቀስ እያለ ወደ አሥርና ሃያ ሺሕ ይወጣል፤ ቀጥሎም ከፀሐይ ስፋት አንጻር እንደ ወረቀት በሚቆጠር፣ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ውፍረት ባለው ስስ ንብርብር ውስጥ ዘልሎ አንድ ሚሊዮን ዲግሪና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በእኛ አገር ቋንቋ ሲነገር፣ ሰውየው ከኮምቦልቻ ሞቃት አየር ተነሥቶ፣ ሐረጎ ላይ ብርድ መትቶት፣ ጦሳ ተራራ አናት ላይ ሲወጣ ከእቶን የባሰ ሙቀት ጠበቀው እንደ ማለት ነው።

ከፀሐይ ገጽ የተነሣ ነበልባል ተጠራቅሞ ይህን ሙቀት ሊፈጥር የማይችለውም ለዚህ ነው። ሙቀት በራሱ የሚሄደው ከሞቃቱ ወደ ቀዝቃዛው ብቻ ነው። ለብ ባለ ምጣድ ላይ የተጣደ ጀበና ዕድሜ ልኩን ቢቀመጥ ከምጣዱ በላይ አይግልም፤ 5,500 ዲግሪ ያለው ገጽም ከላዩ ያለውን ጋዝ በሙቀት ብቻ ወደ ሚሊዮን ሊያደርሰው አይችልም። «ነበልባል» የሚለው ቃል ራሱ አያስኬድም፤ ፀሐይ እንደ እንጨት ወይም እንደ ከሰል አትነድም፤ ኃይሏ የሚመነጨው በመካከሏ የሃይድሮጂን አስኳሎች እየተዋሐዱ ሂሊየም ሲሆኑ ነው።

ጸሐፊው ሳይነኩት ያለፉት፣ እኔ ግን ከሁሉ የሚጥመኝ ክፍል ይህ ሙቀት እንዴት እንደታወቀ የሚናገረው ታሪክ ነው። የፀሐይ ውጫዊ ከባቢ ኮሮና ይባላል፤ ትርጉሙ አክሊል ነው። በሙሉ ግርዶሽ ጊዜ በጠቆረችው ጨረቃ ዙሪያ እንደ ነጭ አክሊል ስለሚታይ ስሙ ወጣለት። (ዛሬ ይህን ቃል የሚሰማ ሁሉ የሚያስበው በሽታውን ነው፤ ሆኖም የበሽታው ቫይረስ የሚመደብበት የቫይረስ ወገን እ.ኤ.አ. በ1968 ስሙን ያገኘው በማጉያ መሣሪያ ሲታይ የፀሐይን አክሊል ስለመሰለ ነው። እኔ በክፍል ውስጥ «አክሊል» ማለትን እመርጣለሁ፤ እዚህም እንዲሁ አደርጋለሁ።) እ.ኤ.አ. በ1869 በአሜሪካ ላይ በታየው ሙሉ ግርዶሽ፣ ቻርልስ ያንግ እና ዊልያም ሃርክነስ የተባሉ ሁለት ተመልካቾች የአክሊሉን ብርሃን እየበተኑ ሲመረምሩ አንዲት አረንጓዴ መስመር አገኙ። በእንዲህ ያለ ምርመራ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በራሱ የብርሃን መስመሮች ይታወቃል፤ ይህች መስመር ግን በምድር ላይ ከሚታወቅ ከየትኛውም ንጥረ ነገር መስመር ጋር አልገጥም አለች። በዚያው ዘመን በፀሐይ ብርሃን ውስጥ የታየች ሌላ መስመር ሂሊየም የተባለውን አዲስ ንጥረ ነገር አስገኝታ ስለነበር፣ ይህችኛዋም የአዲስ ንጥረ ነገር ምልክት ናት ተብሎ «ኮሮኒየም» የሚል ስም ወጣላት።

ኮሮኒየም የሚባል ነገር ግን አልነበረም። ሰባ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1939 እስከ 1940ዎቹ መጀመሪያ ባለው ጊዜ፣ ጀርመናዊው ዋልተር ግሮትሪያን እና ስዊድናዊው ቤንግት ኤድሌን መስመሯ የብረት መሆኗን አረጋገጡ። በየቤታችን ደጃፍ በርና መስኮት የምናሠራበት ያው ብረት ነው፤ ልዩነቱ ሃያ ስድስት ከሆኑት ኤሌክትሮኖቹ አሥራ ሦስቱ ተገፍፈው የተጣሉበት መሆኑ ነው። ከአንድ የብረት አቶም ላይ አሥራ ሦስት ኤሌክትሮን ለመግፈፍ አቶሞች እርስ በርስ በምን ያህል ፍጥነት መጋጨት እንዳለባቸው ሲሰላ መልሱ ከአንድ ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ሆነ። አክሊሉ ከገጹ በሁለት መቶ እጅና ከዚያም በላይ እንደሚግል የታወቀው እንዲህ ነው። ቴርሞሜትር ይዞ የሄደ ሰው የለም፤ የመሰከረው ብረቱ ነው።

ወደ ተማሪዬ ሌላ ጥያቄ ልምጣ። «ሚሊዮን ዲግሪ ከሆነ መንኮራኩሩ ለምን አልቀለጠም?» ብላኛለች፤ ጽሑፋችሁ ይህን ሳያነሣ ማለፉ አንባቢን ግራ ያጋባል። መልሱን እኔ የማሳየው ኮምቦልቻ፣ ታናሽ ወንድሜ ብረታ ብረት በሚሠራበት ቤት ነው። ወንድሜ ብረት በዲስክ ሲቆርጥ የሚረጨው ብልጭታ እንደ ዝናብ ክንዱ ላይ ይወርዳል፤ እሱ ግን እጅጌውን እንኳ አያወርድም። የመጀመሪያ ጊዜ ቆሜ ሳይ ሸሸት ስል ስቆ፣ «ጋሼ፣ ብልጭታውን ተወው፤ ይልቅ የተቆረጠውን ጫፍ እንዳትነካው» አለኝ። እያንዳንዷ ብልጭታ የምታበራ የብረት ብናኝ ናት፤ ከሺሕ ዲግሪ በላይ ትሞቃለች። የተቆረጠው ጫፍ ግን ቀለሙ እንኳ ሳይለወጥ፣ ሙቀቱ ከብልጭታዋ በብዙ ያነሰ ሆኖ ሳለ ቆዳን ያነሣል። የሙቀት መጠን እያንዳንዱ ቅንጣት ምን ያህል እንደሚሯሯጥ ይነግረናል፤ የሚያቃጥለን ግን የቅንጣቶቹ ብዛትም ተጨምሮበት ነው። አክሊሉ እንደ ብልጭታዋ ነው፤ ምናልባትም ከብልጭታዋ ይብሳል፤ ምክንያቱም እዚህ ከምንተነፍሰው አየር ከአሥር ቢሊዮን ጊዜ በላይ የሳሳ ነው። በእኛ ቤተ ሙከራዎች ውስጥ «ባዶ» ከምንለው ዕቃ ውስጥ እንኳ ብዙ ጊዜ ከዚያ የበለጠ ጋዝ ይቀራል።

ስለዚህ አሜሪካኖች የላኳት፣ ፓርከር የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 24 ቀን 2024 ከፀሐይ ገጽ 6.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ስታልፍ ጋሻዋ የደረሰበት ሙቀት ወደ 1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚጠጋ ብቻ ነበር፤ እሱንም ቢሆን በአብዛኛው ያሞቀው ከታች ከገጹ የሚመጣው ብርሃን እንጂ የአክሊሉ ጋዝ አይደለም። አሥራ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ውፍረት ካለው ከዚያ የካርቦን ጋሻ ጀርባ ያሉት መሣሪያዎች ከኮምቦልቻ የበጋ ቀን ብዙም በማይበልጥ ሙቀት ውስጥ ይሠራሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እገባለሁ። አክሊሉን ገጹ በሙቀት ካላሞቀው፣ ማን አሞቀው? ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ የሚወርድ ተሳቢ ቁልቁለቱን ጨርሶ ሲቆም ጎማው አካባቢ የፍሬን ሸራ ሽታ ይሸታል፤ አንዳንዴም ይጨሳል። ማንም በእሳት አልለኮሰውም፤ ላይ ደሴም ሲነሣ ፍሬኑ ቀዝቃዛ ነበር። የመኪናው ክብደት በቁልቁለቱ የሰጠው ኃይል በሰበቃ ወደ ሙቀት ተለውጦ ነው። በፀሐይም የሚሆነው በመሠረቱ ይኸው ነው። ከገጹ ወደ አክሊሉ የሚወጣው ኃይል በሙቀት መልክ ሳይሆን በእንቅስቃሴና በማግኔት መልክ ይወጣል፤ ሙቀት የሚሆነውም ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። እንዲህ ከሆነ ከሕጉ ጋር የሚጋጭ ነገር የለም።

የኃይሉ መጠንም የሚያሳስብ አይደለም። ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የፀሐይ ገጽ 63 ሚሊዮን ዋት ያህል ይወጣል። አክሊሉን እንደሞቀ ለማቆየት የሚያስፈልገው ግን ጸጥ ባለው የፀሐይ ክፍል 300 ዋት ገደማ፣ የፀሐይ ነጠብጣቦች በሚበዙበት ኃይለኛ ክፍል ደግሞ 10,000 ዋት ያህል ነው። ከሺሕ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። የገጹ ጋዝ በሸክላ ድስት እንደሚንተከተክ ሽሮ ያለማቋረጥ ይፈላል፤ አንዱ አረፋ ብቻውን አንድ ሺሕ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ በደቂቃዎች ውስጥም ፈርሶ በሌላ ይተካል። ይህ መንተክተክ ከአክሊሉ ፍላጎት በላይ የሆነ ኃይል አለው። እንግዲህ የሰማንያ ዓመቱ ክርክር ኃይሉ ከየት መጣ የሚል ሳይሆን በምን ተጭኖ ላይ ወጣ፣ በዚያ በሳሳ ጋዝ ውስጥስ እንዴት ተራገፈ የሚል ነው። ጸሐፊው ይህን ልዩነት ቢያስቀምጡት ኖሮ ተማሪዬ ቀይ እስክሪብቶ ባላነሣች ነበር።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ድምፅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ የቀረበው ሐሳብ፣ ከሚንተከተከው ገጽ የሚነሣው የድምፅ ሞገድ ጋዙ እየሳሳ ወደሚሄድበት ከፍታ ሲወጣ እየበረታ ሄዶ ይፈነዳል የሚል ነው። ጅራፍ ያጮኸ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ እጁ ቀስ ብሎ የሰጠው ግፊት ጅራፉ እየቀጠነ በሄደ መጠን እየፈጠነ ጫፉ ላይ ይጮኻል። ሐሳቡ ያማረ ነበር፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሳተላይት የተገኘው ልኬት እንዳሳየው ድምፁ ጉልበቱን ዝቅተኛው ንብርብር ላይ ጨርሶ ይቀራል፤ አክሊሉ ጋ የሚደርሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ቀጥሎ የመጣው የማግኔት ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ሁለት ወገኖች አሉ። የመጀመሪያው ወገን በስዊድናዊው ሃነስ አልፍቬን ላይ ይቆማል። አልፍቬን እ.ኤ.አ. በ1942 እንዳሳየው፣ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ጋዝ ውስጥ የሚያልፍ የማግኔት መስመር እንደ ተወጠረ የክራር ክር ነው፤ ከሥሩ ሲነካ ሞገዱ በክሩ ላይ ይሄዳል። ሲጻፍ ያመነው ጥቂት ሰው ነበር፤ በ1970 ግን የኖቤል ሽልማት አገኘ። የፀሐይ ገጽ እየተንተከተከ የእነዚህን ክሮች ሥር ያለ ዕረፍት ይነካካል፤ ሞገዱም ወደ አክሊሉ ይወጣል። ሞገዱ መኖሩ ዛሬ አያከራክርም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በምድር ላይ ባለ መሣሪያም፣ በጃፓኗ ሂኖዴ ሳተላይትም ታይቷል። የሚያስቸግረው ሌላ ነው፤ ይህ ሞገድ ከድምፅ በተቃራኒ ጉልበቱን በቀላሉ አይለቅም። አክሊሉን አቋርጦ ይዞት የመጣውን እንደያዘ ወደ ጠፈር ሊሄድ ይችላል። ኃይል ማድረሱ ሳይሆን ማራገፉ ነው የሚያከራክረው። ይሁንና የሞገድ ወገን አንድ ጠንካራ ማስረጃ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የተተኮሰችው ሶሆ መንኮራኩር ከአክሊሉ ቀዳዳዎች (የማግኔት መስመሮች ወደ ጠፈር ከተከፈቱባቸው ቦታዎች) በላይ ያሉ የኦክስጂን ቅንጣቶች ከመቶ ሚሊዮን ዲግሪ በላይ በሚቆጠር ፍጥነት ሲርገበገቡ አግኝታለች፤ ከእነሱ የሚቀልለው ሃይድሮጂን ደግሞ በጣም ያንሳል። ከባዱን ለይቶ ከቀላሉ አብልጦ የሚያሞቅ ነገር ተራ ግጭት ሊሆን አይችልም፤ ከሞገድ ጋር ግን ይስማማል።

ሁለተኛው ወገን በአሜሪካዊው ዩጂን ፓርከር ሐሳብ ይመራል። ፓርከር እ.ኤ.አ. በ1958 ከፀሐይ የማያቋርጥ የቅንጣት ነፋስ እንደሚነሣ ሲጽፍ ገምጋሚዎች ጽሑፉ እንዳይታተም ተቃውመው ነበር፤ ትክክል መሆኑ የታወቀው መንኮራኩሮች ነፋሱን ከለኩ በኋላ ነው። ስለ አክሊሉ ሙቀት ያለው ሐሳብ ደግሞ እንዲህ ነው። የማግኔት መስመሮቹ ሁለቱም ጫፋቸው ገጹ ላይ ተተክሏል። ገጹ ሲንተከተክ ሥሮቻቸው ወዲያና ወዲህ ስለሚንከራተቱ፣ ላይ ያለው ክፍላቸው እርስ በርሱ እየተጠላለፈ እንደ ሹሩባ ይጎነጎናል። ሹሩባ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ጸጉሩ እንደሚበጠስ፣ መስመሮቹም ከመጠን በላይ ሲወጠሩ ተበጥሰው በሌላ አሰላለፍ ይቀጠላሉ፤ በዚያች ቅጽበት የተጠራቀመው ኃይል ጋዙን ያግለዋል። ፓርከር እ.ኤ.አ. በ1988 እነዚህን ጥቃቅን ፍንዳታዎች «ናኖፍሌር» አላቸው፤ እያንዳንዳቸው ከትልቁ የፀሐይ ፍንዳታ የቢሊዮን አንድ እጅ ያህል ስለሆኑ ነው።

ጥቃቅን መባላቸው ግን አያታልለን። አንዱ ናኖፍሌር የሚለቀውን ኃይል ከእኛው ከሕዳሴ ግድብ ጋር ለማነጻጸር በክፍል ውስጥ ከተማሪዎቼ ጋር አስልተነው ነበር፤ ግድቡ 5,150 ሜጋ ዋት በሆነው ሙሉ አቅሙ ሌት ተቀን ሳያቋርጥ ቢያመነጭ፣ የአንዱን ናኖፍሌር ለማምጣት ሰባት ወር ከግማሽ ገደማ ይፈጅበታል። በፀሐይ ላይ ይህ ትንሽ ነገር ነው።

የዚህ ወገን ችግር የቆጠራ ነው። ትንንሾቹ አክሊሉን እንዲያሞቁ የግድ በጣም መብዛት አለባቸው። በሰኞ ገበያ ቅመም የምትሸጥ እናት የቀኗ ገቢ በአንድ ትልቅ ገዢ ይሞላ እንደሆነ ወይስ የአምስትና የአሥር ብር በሚገዙት ብዙዎች እንደሆነ ለማወቅ ሁለቱንም መቁጠር አለባት። የፀሐዩም ሒሳብ ይህ ነው፤ የፍንዳታዎቹ ኃይል በአሥር እጅ ባነሰ ቁጥር ብዛታቸው ከአሥር እጅ በላይ የሚጨምር ከሆነ ትንንሾቹ ያሸንፋሉ፤ ካልሆነ ግን ገቢው ከትልልቆቹ ነው፤ ትልልቆቹ ደግሞ አልፎ አልፎ ስለሚመጡ አክሊሉን ሁልጊዜ ሊያሞቁት አይችሉም። እስከ ዛሬ የተደረጉት ቆጠራዎች አንዳንዶቹ ከወሰኑ በላይ፣ አንዳንዶቹ ከወሰኑ በታች ይወድቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ለስድስት ደቂቃ ብቻ ወደ ላይ የተተኮሰ አንድ ሮኬት፣ ፍንዳታ በማይታይበት ኃይለኛ ክፍል ውስጥ ወደ ዘጠኝ ሚሊዮን ዲግሪ የሚጠጋ ጋዝ ማግኘቱ ለናኖፍሌር ወገን ትልቅ ድጋፍ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የአውሮፓዋ ሶላር ኦርቢተር ከ77 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ባነሣችው ምስል ላይ በየቦታው ብልጭ ድርግም የሚሉ ትንንሽ ብርሃኖች ታዩ፤ ትንሿ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትሆናለች። በማታ ተራራ ላይ እንደሚታይ የእረኛ እሳት ናቸው። ፓርከር ከገመታቸው ናኖፍሌሮች ጋር ዝምድና ሊኖራቸው ይችላል፤ ለአክሊሉ ሙቀት በቂ መሆናቸው ግን አልተረጋገጠም።

እኔ እንደማየው፣ ብዙ ተመራማሪዎችም እንደሚሉት፣ ሁለቱ ወገኖች እርስ በርሳቸው የሚሻሩ አይደሉም። የማግኔት መስመሮች ወደ ጠፈር በተከፈቱባቸው ቀዳዳዎች ሞገዱ፣ መስመሮቹ ቀስት ሠርተው በተዘጉባቸው ኃይለኛ ክፍሎች ደግሞ ጉንጉኑ ሊበረታ ይችላል። ድርሻቸው ስንት ስንት ነው የሚለው ነው ያልተቋጨው።

ታዲያ ፓርከር መንኮራኩር ምን ሠራች? ብዙ ሠርታለች። ስሟ የወጣው በዚያው በዩጂን ፓርከር ነው፤ ናሳ በሕይወት ባለ ሰው ስም መንኮራኩር ሲሰይም ያ የመጀመሪያው ነበር፤ ፓርከርም እ.ኤ.አ. በ2018 ስትተኮስ በዓይኑ አይቶ በ2022 ዐረፈ። መንኮራኩሯ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 28 ቀን 2021 ወደ አክሊሉ ወሰን ገባች፤ በነፋሱ ውስጥ የማግኔት መስመሮች ዚግዛግ እየሠሩ ወደ ኋላ እንደሚታጠፉ፣ መነሻቸውም ወደ ገጹ የሚጠቁም መሆኑን አሳየች። ነገር ግን ከገጹ ስድስት ሚሊዮን ኪሎ ሜትር መቅረብ ማለት፣ ሙቀቱ ሽቅብ የሚዘልባት ያቺ ስስ ንብርብር ጋ መድረስ ማለት አይደለም። እሷ የምታልፍበት ቦታ ሙቀቱ ከተፈጠረበት ርቆ በላይ ያለው ነው። ስለዚህ «ጥያቄው ተዘግቷል» የሚለው ዐረፍተ ነገር መንኮራኩሯን ባልሠራችው ያመሰግናታል።

አንባቢ «ይህ ለደሴ ሰው ምኑ ነው?» ይል ይሆናል። ከአክሊሉና ከሥሩ ካለው ንብርብር የሚወጣው ኤክስሬይና ጽኑ አልትራቫዮሌት ነው የምድራችንን የላይኛውን አየር በኤሌክትሪክ የሚሞላው፤ አባቶቻችን ማታ ማታ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ የሰሙት ሞገዱ ከዚያ ንብርብር ላይ እየነጠረ ስለተመለሰላቸው ነው። የምድር የማግኔት ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ ይህ ንብርብር በእኛ ሰማይ የተለየ ጠባይ አለው፤ በስልካችን ቦታ የሚያመላክተንን የሳተላይት ምልክትም ያዛባል።

በመሆኑም ዓምዳችሁ በማረሚያው ቦታ ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ቢያወጣ ይበቃኛል። በመጀመሪያው ፈንታ፦ «የፀሐይን አክሊል የሚያሞቀው ከገጹ የሚነሣ ሙቀት ሳይሆን፣ በማግኔት መስመሮች ወደ ላይ የሚወጣና እዚያ ወደ ሙቀት የሚለወጥ ኃይል ነው።» በሁለተኛው ፈንታ፦ «ይህ ለውጥ በሞገድ ነው ወይስ በጥቃቅን ፍንዳታዎች፣ በየትኛው ቦታ በየትኛው መጠን፣ አሁንም በጥናት ላይ ነው።»

ሌላም ልመና አለኝ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ግርዶሹ በላሊበላ አካባቢ የእሳት ቀለበት ሆኖ ሲታይ፣ እኛ ደሴ ላይ ማጭድ የመሰለ ፀሐይ ነበር ያየነው። ወንድሜ ካመጣልኝ ቁጥር 14 የብየዳ መስታወት ፊት ሰፈሩ ሁሉ ተሰልፎ ነበር። ያኔ አንድ ልጅ «አክሊሉስ የታለ?» ሲለኝ የሰጠሁት መልስ አሁንም ይሠራል፤ አክሊሉ ከገጹ ብርሃን የሚሊዮን አንድ እጅ ያህል ስለሆነ ከገጹ ቀጭን ጠርዝ እንኳ ከቀረ አይታይም፤ ቀለበት ግርዶሽም አያሳየውም። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚሆነው ግርዶሽ ሙሉ ነው፤ ጥላው በግብፅ ሉክሶር ከስድስት ደቂቃ በላይ ቆይቶ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን በኩል ያልፋል። በደሴ ግን ከፊል ግርዶሽ ብቻ ስለሚሆን አክሊሉን አናየውም። ዓምዳችሁ ቀኑ ሲቃረብ ይህን እንዲያሳውቅ፣ በዚያን ዕለት በአገራችን በየትኛውም ሰዓት ያለ መከላከያ ፀሐይን ማየት ዓይን እንደሚጎዳ፣ የራጅ ፊልምና ተራ የፀሐይ መነጽርም እንደማይከላከሉ እንዲጽፍ እጠይቃለሁ። ባለፈው ጊዜ የራጅ ፊልም ይዘው የመጡትን ሰልፈኞች የመለስሁት እኔ ነበርሁ፤ የሰሙኝም ሁሉም አልነበሩም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

አንድ የፊዚክስ መምህር
ደሴ
(ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ይገኛል)